የመላመጃው አርባ ቀን

በታችኛው ደረቅ ወደብ ሰፈር ባለትዳር ወደ አልጋው የሚወጣው ሄልሜት አድርጎ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ ያሳፍር ነበር፤ ሴቶቹ ሄልሜቱን በነጠላ ጠቅልለው ነበር ከሱቅ የሚያመጡት። አዲሱ የመተንፈሻ ማሽን በገባ በአምስተኛው ሳምንት ግን ባለሱቁ ከባልዲውና ከመጥረጊያው ጎን ደርድሮ ይሸጠው ጀመር። ሮዝ ቀለም ያለውም መጣ፤ ለሴቶች ተብሎ።

ሰፈሩ የሚተኛው ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት ነው። ፀሐዩ ለሥራ አልሆን ካለ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ክሬኑም ትምህርት ቤቱም የሚንቀሳቀሰው ሙቀቱ ሲበርድ ነው። ረፋድ ላይ ሳይረን ይጮኻል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ ጭምብሉን አጥልቆ የመተንፈሻ ማሽኑን ይከፍታል። ያለ ማሽን የተኛ ሰው የእንቅልፍ መዝገቡ ባዶ ይሆናል፤ መዝገቡ ባዶ የሆነ ሰው ክሬን ላይ አይወጣም፣ መኪና አይነዳም፣ ቀለብ አይቆረጥለትም። ደግሞም ብዙዎቹ ያለ ማሽን ከተኙ በእንቅልፋቸው ትንፋሻቸው ይቆምና በዚያው ይቀራሉ። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ማንም አያወራውም።

ቀለመወርቅ የሰፈሩ ማሽን አድማጭ ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሙያውን ማንም አላስተማረውም። አንድ ክንድ የምትሆን የጎማ ቱቦ አለችው። አንዱን ጫፍ ከማሽኑ ጎን ያስደግፋል፣ ሌላውን ጆሮው ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ በሆዱ አባታችን ሆይን ይደግማል። ጤነኛ ማሽን አንዱ አባታችን ሆይ እስኪያልቅ ሰባት ጊዜ ይተነፍሳል። ስድስት ከሆነ ማጣሪያው ታፍኗል፤ ስምንት ከሆነ ከአንድ ቦታ ያፈስሳል። ሰዓት አስሮ አያውቅም፤ ተሳስቶም አያውቅም። ሰው ሲያወራም እንዲሁ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ያዳምጣል። ሚስቱ ትርንጎ «ካንተ ጋር መጣላት አይቻልም፤ ስታዳምጠኝ ይወጣልኛል» ትለው ነበር።

አሮጌው ማሽን «አክስቴ» ነበር የሚባለው። ያንኮራፋል፣ ይተክዛል፣ አንዳንዴም ያስላል፤ ግን ሰውን ጠብቆ ነበር አየር የሚሰጠው። በመጋቢት አንድ ትልቅ መኪና መጥቶ ሁሉንም ሰበሰበና እዚያው ሜዳው ላይ በጎማው ጨፈለቃቸው። ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። ትርንጎ ፊቷን አዞረች። በምትካቸው የመጡት ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ኮሽታ የሌላቸው ናቸው። በሁለተኛው ቀን ሰፈሩ ስም አወጣላቸው፤ «አስር አለቃ»። ተንፍስ ሲልህ ትተነፍሳለህ፤ ያዝ ሲልህ ትይዛለህ።

ከማሽኑ ጋር የታደለው ወረቀት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረው። «ከአርባ ቀን ያልበለጠ የመላመጃ ጊዜ ሊኖር ይችላል» ይላል።

በመጀመሪያው ሳምንት የሰው ሁሉ ጉሮሮ እንደ ጆንያ ሻከረ። አፍንጫ ነሰረ። ጭምብሉ የጉንጭ ቆዳ ስለሚልጥ ሰፈርተኛው ከአፍንጫው ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ቀይ ምልክት ይዞ ይዞር ጀመር። አንዳንዱ ደም የነካው ትራስ ፀሐይ ላይ ያሰጣል። የነቀለመወርቅ የግድግዳ ጎረቤት ኑረዲን፣ የወደቡ የሚዛን ሠራተኛ፣ አየሩ ሳንባውን ስቶ ሆዱ ውስጥ እየገባበት ተቸገረ።

«ሆዴ እኮ ከበሮ ሆነ» አለ በር ላይ ቆሞ ሆዱን እየመታ። «ወይ ሠርግ ጥሩኝ፣ ወይ አስተንፍሱኝ።»

«ዝንጅብል ጠጣበት» አለችው ትርንጎ።

«ጠጣሁ፤ አሁን ከበሮው ዜማም ጀመረ።»

ቀለመወርቅን ያስጨነቀው ግን ሌላ ነገር ነው። አክስቴ የውኃ ማጠራቀሚያዋ ክፍት ነበር። በየወሩ በአቦ ዕለት ከፍል ውኃው ጠበል ሁለት ጀሪካን እየቀዳ ያመጣና ማጠራቀሚያዋ ውስጥ ጠብ ያደርግላት ነበር። ሰው ስድስት ሰዓት ሙሉ የሚተነፍሰው አየር ጠበል የነካው ቢሆን ምን ክፋት አለው? አስር አለቃው ግን ውኃውን አሽጎ ነው የመጣው። ክዳኑ ላይ ማኅተም አለበት። ቀለመወርቅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያንን ማኅተም ሲያይ ከረመ። የተዘጋ ነገር አይወድም። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የማንኪያ እጀታ በእሳት አግሎ ከማኅተሙ ሥር አስገባ፣ ክዳኑን ሳይሰብር አነሳው፣ ጠበሉን ሞላው፣ መልሶ ገጠመው።

በማግስቱ ጉሮሮው አልሻከረም። ነስሩም ቆመ።

ይህ ዓይነት ወሬ በር አንኳኩቶ አይገባም፤ በግድግዳ ያልፋል። በሦስት ቀን ውስጥ ከአሥራ ስድስት ቤት ማሽን ይዘው መጡ። እማማ አጸደ የተባሉ ባልቴት ማሽናቸውን እንደ ሕፃን አዝለው ነው የመጡት። የክሬን ነጂው ደምሰውም ሚስቱን ወይንሸትን አስከትሎ መጣ። ደምሰው አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ቀጭን። ወይንሸት ከሱ በዘጠኝ ዓመት ታንሳለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር አያስጠይቅም?» አለ ደምሰው ማኅተሙን እያየ።

«ያስጠይቃል» አለ ቀለመወርቅ ማንኪያውን እያጋለ።

«ዝም በል አንተ፣ ይክፈትልህ» አለችው ወይንሸት። «ሲያንቋርር የማዳምጠው እኔ ነኝ።»

ቀለመወርቅ ከፈተ፣ ሞላ፣ ገጠመ። ከማንም ሳንቲም አልተቀበለም። ያን ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ደረቱ ትንሽ ቀና ብሎ ነበር፤ ራሱም ታወቀውና አጎነበሰ።

*

የመጀመሪያውን ቡጢ ማን እንደሰነዘረው አይታወቅም። በሃያ አምስተኛው ቀን እማማ አጸደ በእንቅልፋቸው ግድግዳ መትተው ሁለት ጣታቸውን ሰበሩ። በማግስቱ ደምሰው የአልጋውን ብረት አጣመመ። ከዚያ በኋላ ስድስትና ሰባት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ከየቤቱ መሬት የመታ ዕቃ፣ የሰው ጩኸት፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ለቅሶ ይሰማ ጀመር። በትክክል ያንኑ ሰዓት። አስር ሰዓት ላይ በር ሲከፈት ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ፊት ለፊት ላለመተያየት ጫማውን ያስራል።

ቀለመወርቅ የራሱን የሚያስታውሰው እንዲህ ነው። ተኝቷል። አየሩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከዚያ ይቆማል። ውኃ ውስጥ ነው፤ አንድ ሰው ጭንቅላቱን ይዞ ወደ ታች ይደፍቀዋል። ሊጮህ ሲል ጉሮሮው ውስጥ የሆነ ነገር በኃይል ይገባል፤ የብረት ያህል የጠነከረ አየር። የያዘውን ሰው ይመታል። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። እጁ ሥጋ ሲነካ ይሰማዋል፤ ደስም ይለዋል። ይህችን የመጨረሻዋን ለማንም አልተናገረም።

ሲነቃ ትርንጎ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን ይዛ ነበር። ደሙ በጣቶቿ መሃል ይወርዳል።

«እኔ ነኝ» አለችው። «ቀለሜ፣ እኔ ነኝ። ትርንጎ ነኝ።»

ክሊኒኩ ያለ ጥሪ ቁጥር አያክምም። ጥሪው ደግሞ አልጋው ራስጌ ግድግዳ ላይ ያለ ትንሽ ሰሌዳ ነው፤ አብሮ የሚተኛውን ሰው ጣት ብቻ ይቀበላል። ትርንጎ ጫነችው። አንድ ተመዘገበበት። ከንፈሯን በሦስት ቦታ ሰፏት።

ሁለተኛው ከስምንት ቀን በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሄልሜት አድርጋ ነበር፤ ስለዚህ ክርኑ ያረፈው ትከሻዋ ላይ ነው። አጥንቱ ሲሰበር ሁለቱም ሰሙት። ድምፁ እንደ ደረቅ ጭራሮ ነበር።

«እየለመደ ነው አባቴ» አለችው የክሊኒኩ ሲስተር፣ የትርንጎን ክንድ በጨርቅ እያነገተች።

«ማን?»

«ሰውነትዎ ነዋ። አርባ ቀን አልሞላዎትም እኮ።» የጉዳት ቅጹ ላይ ጻፈች። «ሁለት ሆኖብዎታል። ሦስተኛው ከተመዘገበ ወደ አዳራሹ ነው የሚሄዱት። ደንቡን ያውቁታል አይደል?»

ያውቀዋል። አዳራሹ የድሮ እህል መጋዘን ነው፤ አሁን አርባ አልጋ አለው፤ ክንድ የሚታሰርበት ቆዳ በየአልጋው ግራና ቀኝ ተሰፍቷል። የገባ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚተኛው እዚያ ነው።

«ልጄ፣ ማሽኑ ቢሆንስ?» አላት። «ላዳምጠው ፈልጌ ነበር።»

«ማሽኑ ምን ያዳምጡታል? ድምፅ የለውም እኮ፤ ጥሩነቱም እሱ ነው።»

ከትርንጎ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል፤ ልጅ አልሰጣቸውም። በነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን ተለያይተው ተኝተው አያውቁም። ወደ ቤት ሲመለሱ ትርንጎ በደህናው እጇ ክንዱን ይዛ ትሄዳለች፤ እሱ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ተሸክሞታል።

«ወለል ላይ ልተኛ» አለ።

«ሰሌዳው አንድ አልጋ ላይ ሁለት ሰው ካላገኘ ዝም ይላል? ደግሞ እኔ አልፈልግም» አለችው። «እኔ ያገባሁት አንተን ነው፤ አስር አለቃውን አይደለም። አርባው ቀን ያልቃል።»

*

ወይንሸት የሞተችው በሠላሳ ስድስተኛው ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው።

ጩኸቱ የደምሰው ነበር። ያ ቀጭን ድምፁ ሰፈሩን ሁሉ ቀሰቀሰ። ቀለመወርቅ ባዶ እግሩን ሮጦ ሲደርስ ኑረዲን ቀድሞት በሩን ገንጥሏል። ወይንሸት አልጋውና ግድግዳው መሃል ተጣጥፋ ወድቃለች። ሮዝ ሄልሜቷ ወንበር ላይ ነው፤ ሙቀቱ አላስተኛ ብሏት አውልቃዋለች። የግራ ፊቷ ደህና ነው። ቀኙ ግን ፊት መሆኑ ያስታውቅ የነበረው በጆሮ ጌጡ ብቻ ነው። የተጣመመው የአልጋ ብረት ላይ ፀጉር ተጣብቋል።

ደምሰው ጭምብሉን እንዳጠለቀ መሬት ላይ ተንበርክኮ ነበር። ቱቦው ከፊቱ ይንጠለጠላል። «ማነው የገባው?» ይላል። «ጋሼ፣ ሰው ገብቶ ነበር፤ ውኃ ውስጥ ይዞኝ ነበር። ማነው የገባው? የት ሄደ?» የእጁ ጣቶች አንጓ ላይ ያለው ቆዳ ተገሽልጧል።



ቀለመወርቅ ያኔ ያደረገውን ለምን እንዳደረገው ቆይቶ ራሱን ጠይቋል። አጎንብሶ የወይንሸትን ዓይን ሸፈነ፤ ነጠላ አለበሳት። ከዚያ ማሽኑ አሁንም እንደሚሠራ ታወቀው። ቱቦዋ ሁልጊዜም ኪሱ ውስጥ ናት። አውጥቶ ማሽኑ ጎን ላይ ተንበረከከና አዳመጠ።

አባታችን ሆይ ብሎ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ሰባተኛው አልመጣም። ማሽኑ አየሩን ያዘ። ቀለመወርቅ ጸሎቱን ጨርሶ እንደገና ጀመረ፤ ማሽኑ አሁንም ይዞታል። ከዚያ ጧ አለ፤ የታሰረ በቅሎ ሲራገጥ የመሰለ አየር ቱቦው ውስጥ ሄዶ ጆሮውን መታው። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ማንም አልሰማም።

ክዳኑን አነሳ። ያነሳው በቀላሉ ነው፤ ራሱ ነውና ያላላው። የሰውን ትንፋሽ የምትቆጥረው ቀጭን መርፌ ውኃው አፍ ላይ ናት። ነጭ ሆናለች። ድንጋይ የመሰለ ነጭ ጨው ከላይ እስከ ታች ሸፍኗታል። ያንን ነጭ ያውቀዋል፤ ጀሪካኖቹ አንገት ላይ ለዓመታት ሲያጥበው የኖረ ነው። የፍል ውኃው ጨው። መርፌዋ ታውራ የሚተነፍሰውን ሰው እንደሞተ ትቆጥራለች፤ አስር አለቃው ደግሞ የሞተ ሰው ሲያገኝ አየሩን አጠራቅሞ በእርግጫ ሊያስነሳው ይሞክራል።

«ኑረዲን» አለ ሳይዞር። «ያንተን ማሽን ማንም ከፍቶት ያውቃል?»

«የኔን? እንደ እባብ እየፈራሁት ማን ይነካዋል።»

«ሰው መትተህ ታውቃለህ?»

«ማንን ልምታ? እኔን ሆዴን ብቻ ነው የሚነፋኝ።» ከዚያ ኑረዲን የቀለመወርቅን ፊት አየ። «ምን ሆንክ አንተ?»

የወደቡ መርማሪ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጣ፤ ሁለት ፎቶ አነሳ። ቅጹ ላይ «የመላመጃ ጉዳት፣ ከባድ» ብሎ ጻፈ። ደምሰውን ወደ አዳራሹ የሚወስደው መኪና ነገ ረፋድ ይመጣል አለ፤ ዛሬ አልጋ አልተለቀቀም። ቀለመወርቅ ክዳኑን በእጁ ይዞ አጠገቡ ቆመ፤ አፉን ከፈተ። መርማሪው «የማጽናኛ ቃል ካለዎት ለቤተሰቡ ይንገሩ» ብሎ አልፎት ሄደ።

ያን ቀን ሲመሽ ወይንሸትን ቀበሯት። ቀለመወርቅ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ከመቃብር እንደተመለሰ የራሱን መርፌ በሎሚ ፈትጎ አጠበ፣ ውኃውንም በፈላ ውኃ ለወጠው። ትርንጎ ከጀርባው ቆማ አየችው። ነገራት።

«ዝም ብለህ የየቤቱን ብታጥብላቸውስ?» አለችው። «ማንም አያውቅም። አርባው ቀን አለቀ፣ ለመዱ ይባላል።»

«ደምሰውስ?»

«ይገድሉሃል» አለች ብቻ።

*

የወይንሸት ሁለት ወንድሞች የመጡት በማግስቱ ማለዳ ነው። ደምሰውን ከቤቱ ጎትተው አወጡት፤ የመብራት ምሰሶው ላይ በኤሌክትሪክ ገመድ አሰሩት። አልታገለም። ታላቁ ወንድም የውኃ ብረት ቧንቧ ይዟል። ሰፈሩ ወጥቶ ቆሟል፤ ማንም «ተው» አላለም። ከቆሙት ውስጥ ቆዳው ያልቆሰለ ጥቂት ነው።

«አሥር ዓመት!» ይላል ታናሹ። «አሥር ዓመት አበላችህ አጠጣችህ! ዓይኗን እያየህ ነው ወይስ ጨፍነህ? ንገረኝ!» በጫማው ሆዱን ረገጠው። ደምሰው ጠጥቶት የነበረውን ውኃ ሁሉ ተፋ።

የመጀመሪያው የቧንቧ ምት የደምሰውን ጉልበት አገኘው። ሁለተኛው ሲነሳ ቀለመወርቅ ክቡን ሰንጥቆ ገባ። በአንድ እጁ ጀሪካኑን ይዟል፤ በሌላው የደምሰውን ማሽን ክዳን።

«እሱ አይደለም» አለ።

«ዞር በል ሽማግሌ!»

«እሱ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ከዚያ ተናገረ። አነጋገሩ ዝግ ያለ ነው፤ ሰው ሊሰማው ጸጥ ማለት ነበረበት። ማኅተሙን ማን እንደከፈተ፣ ውኃው ከየት እንደመጣ፣ ጨው መርፌዋን እንዴት እንዳሳወራት፣ ጨውም በሎሚ እንደሚለቅ ነገራቸው፤ አሥራ ስድስቱን ቤት አንድ በአንድ በስማቸው ጠራ። ክዳኑን አሳያቸው። ነጩን በጥፍሩ ፍቆ አሳያቸው። «ጠበሉ ምንም አላደረገም» አለ። «የሚጠጣና የሚጠመቁበት ነበር። ማሽን ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ። የሚያውቅ ሰው ሳልጠይቅ።»

እማማ አጸደ የተሰበሩ ጣቶቻቸውን ተመለከቱ። አንዲት ሴት ከኋላ «ወይኔ ልጄ» አለች።

ደምሰው ምሰሶው ላይ እንዳለ ቀና አለ። «ፍቱኝ» አለ።

ፈቱት። ለምን እንደፈቱት አልታወቀም፤ ታላቁ ወንድም ነው ገመዱን የበጠሰው። ደምሰው አንድ እግሩን እየጎተተ መጣና ቀለመወርቅ ፊት ቆመ።

«ጋሼ» አለው። «ያስጠይቃል ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር።»

«ጠይቀኸኝ ነበር።»

ከዚያ መታው። ቀለመወርቅ ጀሪካኑን አስቀምጦ ሁለት እጆቹን ከኋላው አቆላልፎ ያዘ። አባታችን ሆይ ብሎ ጀመረ፤ ሌላ የሚያውቀው መቁጠሪያ የለም። የመጀመሪያው ከንፈሩን ቀደደው። ሁለተኛው አፍንጫውን አዞረው፤ ሲሰበር የሰማው ድምፅ የትርንጎን ትከሻ አስታወሰው። ሦስተኛውና አራተኛው የት እንዳረፉ አላወቀም። «በደላችንን ይቅር በለን» ላይ ሲደርስ ሁለት ጥርሱ ምላሱ ላይ ነበሩ። ተንበረከከ። ታላቁ ወንድም በቧንቧው ጀርባውን አለው፤ የጎን አጥንቱ ወደ ውስጥ ገባ። እጆቹን ግን አልፈታቸውም። ጣቶቹ መፈታት ይፈልጋሉ፤ ያዛቸው። አሜን ሲል ሰባት ሆነ። ጤነኛ ማሽን ነው ብሎ አሰበ፤ ደም የሞላው አፉ ውስጥ ሳቅ የሚመስል ነገር መጣበት።

ስምንተኛውን ያስቀረው ኑረዲን ነው። ከኋላ ደምሰውን አንገቱን አንቆ ወደ ኋላ ጣለው፤ ተያይዘው ወደቁ፤ ደምሰው ያረፈው በኑረዲን የተነፋ ሆድ ላይ ነው። ደምሰው እዚያው፣ ኑረዲን ደረት ላይ እንደተኛ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቀጥሎ ሳይረኑ ጮኸ። አራት ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ ወደ የቤቱ ሎሚ ሊፈልግ ተበተነ። የአዳራሹ መኪና መጥቶ ደምሰውን ጭኖት ሄደ።

*

ትርንጎ በአንድ እጇ ፊቱን አጠበችው። አንድ ዓይኑ ተዘግቷል። ጭምብሉ የተሰበረው አፍንጫ ላይ ሲያርፍ አቃሰተ፤ ግን ያለሱ አይተኛም።

«ማሽኑ ድኗል» አላት። «ከዛሬ ጀምሮ አትፍሪ።»

«ቱቦዋን ስጠኝ» አለችው።

«ምን ልታደርጊ?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታዳምጥ አይቼሃለሁ። አንድ ቀን እኔ ላዳምጥ።»

ሄልሜቷን አላወለቀችም። ቱቦዋን ከማሽኑ ጎን አስደግፋ ሌላውን ጫፍ በሄልሜቱ ሥር ወደ ጆሮዋ አስገባች። ቀለመወርቅ ከንፈሯ አባታችን ሆይ ሲል እያየ እንቅልፍ ወሰደው።

ውኃ አልነበረም። አየሩ ልስልስ ብሎ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሜዳው ላይ ነው፤ ምሰሶው አጠገብ። ደምሰው ፊቱ ቆሟል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እጆቹ ከኋላው ተቆላልፈዋል። አራት፣ አምስት። ጣቶቹ መፈታት ይፈልጋሉ። ስድስት። ሰባት። ከዚያ ጣቶቹ ተፈቱ።

ሲነቃ ሄልሜቱ ከመሃል ተሰንጥቋል። ትርንጎ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ከጆሮዋ ደም ይወርዳል፤ ቱቦዋ አሁንም እጇ ላይ ናት። የእሱ የእጁ ጣቶች አንጓ ላይ ያለው ቆዳ ተገሽልጧል።

«መርፌዋ...» አለ። «በደንብ አላጠብኳትም መሰለኝ። መርፌዋ ናት። ትርንጎዬ፣ መልሼ አጥባታለሁ።»

ራሷን ነቀነቀች።

«ማሽኑ ምንም አላደረገም» አለች። «ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት። አንዴም አልሳተም። ስትመታኝም ሰባት ነበር።»

ቱቦዋን አልጋው ላይ አስቀምጣ የጆሮዋን ደም ጠረገች።

«ደምሰውን ለምን አልመለስክለትም?» አለችው።

«ጥፋቱ የኔ ነዋ።»

«ቡጢው ግን ከእጅህ አልወጣም ነበር፤ አይደል? ይዘኸው ገባህ።» ድምፅዋ ቁጣ የለውም፤ የሱን የማሽን ወሬ ነው የሚመስለው፤ የት እንደሚያፈስስ ያገኘ ሰው ወሬ። «እኔ የማንንም አደራ መቀበያ አይደለሁም፣ ቀለሜ። ትከሻዬ አልቋል።»

ሰሌዳው ከቀለመወርቅ ራስ አንድ ክንድ ይርቃል። እጁን ዘርግቶ ጫነው። ቀይ አበራ፤ የሱን ጣት አይቀበልም። ደግሞ ጫነው። ቀይ። ያኔ ትርንጎ አልጋውን ዞራ መጣች፣ አጠገቡ ተቀመጠች፣ የተገሸለጠ እጁን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው፤ በዚያችው ደህና እጇ ጣት ሰሌዳውን ነካችው። አረንጓዴ ሆነ። መኪናው እስኪመጣ ሁለቱም እንደዚያው ተቀምጠው ነበር።

*

በአዳራሹ ባለሙያ ሰው አያስርም፤ ደንብ ነው። ማሰሪያውን የሚያስረው ከበሽተኛው ወገን የሆነ ሰው ነው። ስለዚህ በየቀኑ ከአራት ሰዓት በፊት ሚስቶች፣ እኅቶች፣ ልጆች ሄልሜታቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው በር ላይ ይሰለፋሉ።

ትርንጎ ስትገባ ቀለመወርቅ አልጋው ላይ አልነበረም። ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ጎንበስ ብሎ የደምሰውን ክንድ እያሰረ ነው። ለደምሰው የሚመጣለት የለም።

«ጠበቀ?» ይለዋል።

«ጋሼ፣ ውኃው ንጹሕ ነው?»

«አዳምጬዋለሁ። ንጹሕ ነው።»

«እንግዲያው አጥብቀው» አለ ደምሰው ጣሪያውን እያየ።

ቀለመወርቅ አጠበቀው። ወደ ራሱ አልጋ ተመልሶ ተኛ፣ ጭምብሉን አጠለቀ፣ ክንዶቹን ዘረጋ። ትርንጎ በደህናው እጇና በጥርሷ ነው የምታስረው፤ አንገቷ አሁንም አልታዘዝ ይላታል። ግራውን አሰረች። ዞራ ቀኙን አሰረች።

«አንድ ቀዳዳ ጨምሪበት» አላት ከጭምብሉ ሥር።

«ደም ይቆምብሃል።»

«አንድ ብቻ።»

ጨመረች። ሳይረኑ ጮኸ፤ መጋረጃው ወረደ። አርባው ማሽን ተከፈተ፤ ድምፅ አልነበረውም። ትርንጎ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋች። ዙሪያዋን አየች፤ ሌሎቹ ሴቶች ሁሉ ከግድግዳው ሥር ርቀው ተቀምጠዋል። ሄልሜቷን አውልቃ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ አንገቷን በቀስታ ዝቅ አድርጋ ጭንቅላቷን አልጋው ላይ፣ ከታሰረው ቡጢው አጠገብ አሳረፈች።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ፣ ማሽኖቹ ሁሉ ሰባት፣ ሰባት እየተነፈሱ፣ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ የክንድ ማሰሪያው ቆዳ እየተወጠረ ሲጢጥ ማለት ጀመረ። ትርንጎ ሰማችው። ጭንቅላቷን ግን አላነሳችም።